አንድ ኪቦርድ ለሁለት

መምህራችን የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ለሁለት ለሁለት ሲያከፋፍሉን ሕጉን ነግረውን ነበር። አንዱ ኮዱን ይጽፋል፣ ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ስህተት ይለቅማል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ትቀያየራላችሁ። ውጤቱ ግን ለየብቻ ነው፤ የወደቀ ዓመት ይደግማል። የደረሰችኝ ከቡሌ ወረዳ የመጣች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ለትምህርት ዲላ ከመምጣቷ በፊት ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። አባቷ ለምረቃዋ ቀን ከወዲሁ ጫማ ገዝተው እንዳስቀመጡ አንድ ቀን እየሳቀች ነግራኛለች።

ላፕቶፑ የእኔ ነበር። ያን ሰሞን መብራት ሲሄድ እንጂ ሲመጣ አላይም ነበር፤ ባትሪው ደግሞ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። እሷ አንዷን ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ ደሜ ይፈላል። «ቆይ፣ እኔ ልጨርሰው» እላታለሁ። ተራዋ ሲደርስ ወንበሯን ጠጋ ታደርጋለች፣ እኔ አልነሳም። ኋላ ኋላ መጠጋቱንም ተወችው። የምጽፈውን ሁሉ ደብተሯ ላይ በእስክሪብቶ ትገለብጥ ጀመር።

የምንሠራው ለጤና ጣቢያ የሚሆን የሕፃናት ክትባት መመዝገቢያ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ቀን የሚያጣራውን ክፍል ከአንድ የውጭ አገር ድረ ገጽ አምጥቼ ለጠፍኩት።

«ወሩ አሥራ ሁለት ላይ ያቆማል እኮ። ጳጉሜስ?» አለችኝ።

«አትነዝንዢኝ! በኋላ እናየዋለን።»

ደነገጠች። ማስተካከያውን ራሷ አስባ፣ ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት መሆኗን ጨምራ፣ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። አላየሁላትም።

ፕሮጀክቱን ያቀረብን ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ጳጉሜ ሦስት የተወለደ ልጅ ሊመዘግቡ ሞከሩ። ሲስተሙ እምቢ አለ።

«ይሄ ልጅ ገና አልተወለደም ማለት ነው?» ብለው ሳቁ። «ከሁለታችሁ ጳጉሜን ያስታወሰ አልነበረም?»

ደብተሯን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

«አላሰብነውም» አልኩ።

ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። «አዎ፣ አላሰብነውም።»

«እንግዲያው አንቺ አስተካክዪው» አሉና ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፉት። ደብተሩን ብትገልጥ መልሱ እዚያ አለ። ግን ብትገልጠው የእኔ ውሸት ይወጣል፤ አልገለጠችውም። ኪቦርዱ ላይ ፊደል በፊደል ትፈልጋለች። እጄን ስዘረጋ «እጅህን ሰብስብ!» አሉኝ። አምላኬ፣ መብራቱን አጥፋውና ፈተናው ይቋረጥ ብዬ ለመንኩ። ያን ቀን አልጠፋም። በአሥር ደቂቃ ሁለት መስመር ጻፈች፣ ሁለቱም ስህተት ተብለው ቀይ ሆኑ።

«አንቺ አብረሽው ተቀመጥሽ እንጂ አልሠራሽም» አሏት። እኔ አለፍኩ፣ እሷ ትድገም ተባለ። አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ከቤታችን በር ላይ ድምፅዋን ሰማሁ። ወደ ቡሌ ከመሳፈሯ በፊት እናቴን እንኳን ደስ አለዎት ልትል መጥታ ነው።

«አንቺስ ልጄ?» አለቻት እናቴ።

«እኔ ትንሽ ይቀረኛል፣ እማማ። ልጅዎ ጎበዝ ነው፣ ብዙ ረድቶኛል።»

እናቴ ጠራችኝ። ደግማ ጠራችኝ። ብርድ ልብሱን እስከ አናቴ ስቤ የተኛሁ መሰልኩ።