ሐጂ ቤት የመጣው ጉማሬ

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሐጂ ሰይድ ቤት ብቻ ነበር። ስርጭቱ የሚጀምረው ሲመሽ ስለሆነ፣ ቀን ቀን ሳጥኑ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይውላል። አንድ ክረምት የሐጂ ልጅ ከማል ቡልጋሪያ ትምህርቱን ጨርሶ ባሕር ዳር ገባ። ጨርቁን ገልጦ፣ የጽሕፈት መኪና የመሰለ ትንሽ ነገር ከቴሌቪዥኑ ጋር በሽቦ አገናኘ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ያየሁት ያኔ ነው።

ከማል በዚያ ላይ ጨዋታ ሠርቷል። ሥዕል የለውም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። መኪናው የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛው በፈረንጅ ፊደል ተጽፏል፤ ትምህርት ቤት ስለቆጠርሁት ጮክ ብዬ የማነብ እኔ ሆንሁ። «ታንኳ ላይ ነህ። ዶሮ ይዘህ ወደ ደቅ ደሴት ትሄዳለህ። ጉማሬ መንገድ ዘግቶብሃል። ምን ታደርጋለህ?» ሰው ያሰበውን ይናገራል፣ ከማል ይጽፋል፣ መኪናው ይመልሳል። ይመልሳል እኮ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ክፍሉ እርጥብ ጋቢ እርጥብ ጋቢ ሲሸት፣ ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

መጀመሪያ የሞከሩት ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ሊፈትኑት ፈልገው «ዶሮዋን እበላታለሁ በልልኝ» አሉ።

«ፍልሰታ ነው፤ አታፍርም?» ብዬ አነበብሁ።

መሪጌታ አማተቡ። «ጾሙን ያውቃል!» አሉ። ቀጥለው ግን ፊታቸው ተቆጣ። «ቆይ፣ ማንን ነው አንተ የሚለው?»

«ይቅርታ የኔታ፣ ሰው አይለይም» አለ ከማል፣ ሳቁን እየዋጠ።

ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ እትዬ ስንዱ ብቻ አልሳቁም። ደሴ የሚባለው አንድ ልጃቸው ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዛው ጠፍቷል። ከበሩ ጥግ ተነሥተው ቀረብ አሉ።

«ከማልዬ፣ ደሴ የት ነው ብለህ ጠይቅልኝ።»

ከማል ወደ እሳቸው ዞረ። «እትዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው። እኔ ካስተማርሁት ሌላ አያውቅም» አላቸው።

«ግድ የለም፣ ጻፍልኝ።»

ጻፈ። መልሱ ሲወጣ «ደኅና ነው» ብዬ ላነብላቸው ቃጣኝ፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። ያለውን እንዳለ አነበብሁት፦ «ይህን አላውቅም። ዝም ብለህ ቅዘፍ።»

እትዬ ስንዱ የቴሌቪዥኑን መስታወት ትክ ብለው አዩት። «አላውቅም አለ?» አሉ ቀስ ብለው። «ቀበሌ በሄድሁ ቁጥር ደኅና ነው ይሉኛል፤ ሳያውቁ። አላውቅም ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።»

ሐጂ ይህን የቀበሌ ሰው እንዳይሰማው ሄደው በሩን ዘጉት። እትዬ ስንዱ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በል እንግዲህ፣ ቅዘፍልኝ!»

ጉማሬው ዶሮዋን ተቀብሎ «ድስቱንስ ማን ይዞታል?» ሲላቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ደሴ ከሄደ ወዲህ ያንን ሳቅ ሰምተነው አናውቅም ነበር። እኛም አብረን መሳቁን ትተን እሳቸውን አየን።

የደሴ መርዶ የመጣው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። እትዬ ስንዱም አርፈዋል።

አሁን ልጄ ስልኳ ላይ የምትጫወተው ጨዋታ ውስጥ ውኃው እንኳ እንደ ጣና ይወዛወዛል። ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ብቻዋን ነው የምትጫወተው። የእኛን ስነግራት «ሥዕል ከሌለው ምን ታዩ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መስታወቱን አንብቤ ስጨርስ ዞር እል ነበር፤ የሰዉን ፊት ለማየት።