የእህሉ ባቡር

አቶ ምሩጽ ከአያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲወርዱ በየደረጃው መታጠፊያ ቆም ይላሉ። ዛሬ ግን ከጉልበታቸው ይልቅ የከበዳቸው ቀኑ ነው። የጦር ጓደኛቸው የሻምበል አለም ሙት ዓመት ነው፤ ሳሊተ ምሕረት፣ እህቱ እትዬ ማዕዛ ቤት ዝክር አለ። እትዬ ማዕዛ በየዓመቱ ዳቦው ሳይቆረስ አንድ ነገር ይጠይቋቸዋል።

«ምሩጼ፣ ታንኮቹን መታቸው አይደል?»

«መታቸው እንጂ፣ እትዬ» ይላሉ አቶ ምሩጽ። ቢላዋው ዳቦው ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ የሆነው በሶማሌው ጦርነት ነው። ሁለት ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከደብረ ዘይት ተነስተው፣ ጠላት የያዛት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለውን የባቡር ጣቢያ ሊመቱ ሄዱ። አንዱን የሚያበረው አለም ነበር። ምሩጽ በሌላው ውስጥ ካርታ ጭናቸው ላይ ዘርግተው አቅጣጫ ይመራሉ። ከከተማዋ አምልጦ የመጣ አንድ ገበሬ «ታንኮቹ ባቡሩ ጥግ ተደርድረዋል» ብሎ ሲናገር፣ ምሩጽ የአዛዡ ቢሮ በር ላይ ቆመው በጆሯቸው ሰምተውታል። ቦምቡ ወረደ፤ ሐዲዱ እንደ ገመድ ተጠማዘዘ፤ ፉርጎዎቹ ነደዱ። ከጭሱ ሥር ምን እንዳለ ማን ያያል? ሊመለሱ ሲዞሩ የአለም አውሮፕላን ክንፉ ላይ ተመታ። እሳት እየጎተተ ከኮረብታው ጀርባ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አልወጣም።

አቶ ምሩጽ ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከከተማው ባቡር መነሻ ሲደርሱ ጎረቤታቸውን ሀጀርን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ምድር ቤት ያለችው፣ ድሬዳዋ ሩብ ሕይወቷን ኖራ ከልጇ ጋር ልትኖር የመጣችው፣ ሳቂታዋ ሀጀር። ከጎኗ ጎመን ያጨቀችበት ፌስታል አለ።

«ጋሼ ምሩጽ፣ አይቸኩሉ። መብራት ጠፍቶ ባቡሩ ቆሟል።»

«ባቡሩ ደግሞ ዛሬን መርጦ!» ብለው አጠገቧ ተቀመጡ።

ሀጀር ሳቀች። «እኔ እኮ እዚህ አገር ሰው ‹ባቡር መጣ› ባለ ቁጥር ዱቄት ይሸተኛል። እኛ አገር ባቡር ማለት የእህሉ ነው፣ ወፍጮው። ይሄ የሐዲዱ ምድር ባቡር ነው የሚባለው። በዚህ ቃል የተነሳ የሆነውን ልንገርዎት? ልጅ ሆኜ፣ ገና ድሬዳዋ ሳልገባ ነው፤ ጠላት ከተማችንን ይዞ ታንኮቹን ወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ ግራሮቹ ሥር ደበቃቸው። አጎቴ አምልጦ ሄደና ለመንግሥት ጦር ‹ባቡሩ ጥግ ናቸው› አላቸዋ! እነሱ መጡና ባዶውን ጣቢያ ድምጥማጡን አጠፉት። የሞተው ማን መሰለዎት? የጣቢያው ዘበኛ አህያ! አጎቴ እስኪሞት ‹አህያ ገዳዩ› እየተባለ ኖረ።»

አቶ ምሩጽ አልሳቁም። የገበሬው ድምፅ፣ ያቺ ቃል፣ እንደገና ጆሯቸው ውስጥ ገባች። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?»

«አንቺ ያን ቀን የት ነበርሽ?»

«የት እሆናለሁ? ወፍጮ ቤት ነዋ፣ ከእናቴ ጋር። ተራ ይዘን ቁጭ ብለናል፤ ታንኩ ከእኛ የሚርቀው ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ድረስ ነው።»

አቶ ምሩጽ ቀስ ብለው «አንደኛው አውሮፕላን ውስጥ እኔ ነበርኩ» አሏት።

ሀጀር አፏን ከፍታ ቀረች። «እና አህያውን የገደሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ሌላው አውሮፕላን ግን አልተመለሰም። ዛሬ ሙት ዓመቱ ነው።»

«ውይ! አፌን ቁርጥ ያድርገው!» ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

አቶ ምሩጽ ወደ ፎቁ ዞረው አዩ። ተመልሰው መተኛት አማራቸው። ታመምኩ ብሎ መቅረትም አለ። ሄደው እንደ ወትሮው «መታቸው» ማለትም አለ፤ ያ ግን ከእንግዲህ ውሸት ነው። ሰማንያ ዓመት ለተጠጉ ሴት እውነቱን መንገርስ ምን ይሉታል? ደከማቸው። መብራት መጥቶ ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ክንዷን ያዝ አደረጉና «ሥራ ከሌለሽ አብረሽኝ ነይ» አሏት።

እትዬ ማዕዛ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከአለም ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል። ንፍሮው በሰፌድ ቀርቧል፤ ድፎው ዳቦ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ከሀጀር ጋር አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ተለዋውጠው ቢላዋውን አነሱ።

«ምሩጼ፣ ታንኮቹን መታቸው አይደል?»

አቶ ምሩጽ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እትዬ፣ ታንኮቹ እዚያ አልነበሩም። ዛሬ ነው ያወቅሁት። ገበሬው ባቡር ያለው ወፍጮውን ኖሯል። እኛ ጣቢያ መሰለን።»

ቢላዋው አየር ላይ ቆመ። «ታዲያ ወንድሜ ምን መቶ ሞተ?»

አቶ ምሩጽ መሬት መሬቱን አዩ።

«እናቴ» አለች ሀጀር። «ታንኮቹ እኛ ጋ ነበሩ። ወፍጮ ቤቱ ሴትና ልጅ ሞልቶበት ነበር። ቃሉን በትክክል ሰምተው ቢሆን እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም።»

እትዬ ማዕዛ ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ሻሿን፣ እጇን፣ ጎመን የያዘውን ፌስታል ሳይቀር። ሊያለቅሱ መስለው ነበር፤ ግን አላለቀሱም።

«ማን ማን ነበራችሁ?» አሉ።

«ብዙ ነበርን።»

«ብዙ አትበይኝ። በስማቸው ጥሪልኝ።»

ሀጀር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። «እናቴ ፋጡማ። ጀርባዋ ላይ ወንድሜ፣ ገና ጥርስ ያላበቀለ፤ አሁን ጅግጅጋ አስተማሪ ነው። ወፍጮውን የሚያሠራው አንካሳው አብዲ። ማሽላዋ ተደፍቶባት የምታለቅስ ዘውዴ የምትባል ሙሽራ...»

«ሙሽራዋ ወለደች?»

«ኧረ እስኪበቃት ወለደች!»

እትዬ ማዕዛ ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳረፉ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለሀጀር ሰጧትና «ቀጥዪ፣ ከሙሽራዋ ቀጥሎ ማን ነበረ?» አሉ።

አቶ ምሩጽን ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ስሞቹ አንድ በአንድ ሲጠሩ እየሰሙ፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ እንደያዙ፣ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።