አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ

«አንቺስ ሸጠሽ የለም እንዴ?»

ዛሬ መተማ ዮሐንስ፣ በቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ጋሽ ተገኘ በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ አሉኝ።

ጋሽ ተገኘ ጎንደር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ቤታቸውንም ለአንድ የሰሊጥ ነጋዴ መሸጥ ፈልገዋል። ደንባችን ግን የሚለቅ ሰው ለቤቱ ያወጣውን ገንዘብ ብቻ ወስዶ ቁልፉን ለማኅበሩ እንዲመልስ፣ ቤቱም ተራ ለሚጠብቅ ተከራይ እንዲሰጥ ያዛል። ተራው የሻይ ሻጯ የዘይነባ ነው።

ያንን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ባልገባም፣ አባላቱ «ማንበብና መጻፍ ትችላለች» ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ሳነብላቸው ሁሉም አጨበጨበ። ያኔ ማንም ቤት አልነበረውም፤ ማጨብጨብ ቀላል ነበር።

«አዎ፣ ሸጫለሁ» አልኳቸው። «ባሌ ሞቶ ግቢያችንን ስሸጥ ለሦስቱ ተከራዮቻችን አልነገርኳቸውም። ገዢው በክረምት ዕቃቸውን ጭቃ ላይ አወጣው። አንቀጹን የጻፍኩት ለዚያ ነው።»

መሸጤን ሰው ያውቃል፤ የተከራዮቹን ነገር ግን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ታዲያ ንስሐሽን በእኔ ቤት ነው የምትገቢው?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። ዘይነባ ብቻ አልሳቀችም፤ እኔን ትመለከት ነበር።

ይሽጡ ወይስ ደንቡ ይጽና በሚለው ላይ ድምፅ መስጠቱ ለእሑድ ተቀጠረ። ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። እጄን የማወጣው ለደንቡ ነው፤ የጋሽ ተገኘ ጥያቄ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ቤት ሸጣችሁ ተከራይ የበተናችሁ፣ ወይም የተበተናችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ። በኋላ መንገድ ላይ ስትገናኙ ምን ተባባላችሁ?