አባቴ በቅጹ ላይ የጻፈው

የሱዳኑ ጦርነት ከበተነን በኋላ ተመልሰን ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ከገባን ወዲህ ጎረቤቴ ሰዓዳ ናት። የወሎ ሰው ናት፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ነው ልጇን ያሳደገችው። ባለፈው ሳምንት ያቺው ልጇ ሂክማ ስልኳን ይዛ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትከፍለው ስላጣች ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጥ ድጎማ ፈልጋ አግኝታለች።

«ኸልቲ፣ ይሄን እዪልኝ» አለችኝ። ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አክስቴ የምትለኝ በዐረብኛ ነው።

መነጽሬን አድርጌ ቅጹን ማንበብ ጀመርኩ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የወላጅ ሥራ። እዚያ ላይ ስደርስ ሻይ ልጣድ ብዬ ተነሳሁ፤ ፊቴን እንዳታይ ነው።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔና አባቴ የምንኖረው አል-ማንሺያ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ቪላ በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። እናቴ ካርቱም በገባን በሁለተኛው ዓመት አርፋለች። አባቴ ጎንደር የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በፖለቲካ ሸሽቶ ሲመጣ ያገኘው ሥራ በር ጥበቃ ሆነ፤ በሱዳኖች አጠራር ገፊር። ይህን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። «እዚህ ቤት እሠራለሁ» ይል ነበር፣ በቃ። ጠዋት ግቢውን ውሃ ሲረጭ የሚነሳው የአፈር ሽታ፣ ከዚያ በሰሊጥ ዘይት የራሰ ፉላችን። እየበላን የወንዞች ስም ይጠይቀኛል።

ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ደረሰኝ። ለውጭ ዜጋ ክፍያው የሚቀመስ አልነበረም። ያን ሰሞን በአቧራና በሙቀት ድጎማ ፍለጋ ስንዞር ከረምን። አንዱ ቢሮ ለዜጎች ብቻ ነው ይላል፣ ሌላው ጊዜው አልፏል፣ ሌላው ነገ ለማለት «ቡክራ» ይለንና በማግሥቱም ቡክራ ነው። በመጨረሻ ዐማራት ሰፈር ያለ አንድ የእርዳታ ቢሮ ቅጽ ሰጠን። አባቴ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ ሞላልኝ።

ከወር በኋላ ውጤቱን ለመስማት ብቻዬን ሄድኩ። ከመስተዋቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሱዳናዊት ክፉ ሰው አልነበረችም።

«አልተመረጥሽም» አለችኝ። «ይህ ለድሃ ቤተሰብ ነው። አባትሽ ደሞዝ ያለው መምህር ነው።»

ቅጹን አዙራ አሳየችኝ። የወላጅ ሥራ ከሚለው ፊት ለፊት «መምህር» ተብሎ ተጽፏል።

«ድሮ ነው። አሁን ገፊር ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ራሱ መጥቶ ይናገር። መዝገቡ ነገ ይዘጋል።»

ማታ ነገርኩት። «ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ሌላ ምን ልበል?» አለኝ። በማግሥቱ በዚያ ሙቀት ያለችውን አንዲት ኮቱን ለብሶ አብሮኝ ሄደ። ወረፋው ላይ «መምህር፣ ደህና ነዎት?» እያሉ ከመቀመጫቸው የሚነሱለት ያገሩ ሰዎች ነበሩ። ተራችን ሲደርስ አባቴ ወደ መስተዋቱ ጎንበስ ብሎ በዐረብኛ ተናገረ።

«አልተሰማኝም» አለች ሴትዮዋ።

«ገፊር ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ።

ከኋላችን ወሬው ሁሉ ቆመ። ሴትዮዋ ወደ አለቃዋ ገብታ ወጣች። ስትመለስ ቀና ብላ አላየችንም።

«የፊተኛው ሐሰት ከሆነ የአሁኑን በምን እናምናለን ይላል ኃላፊው። ማህደሩ ተዘግቷል። ለከርሞ ኢንሻአላህ።»

ወደ ቤት ተመለስን። በሩን ሊከፍትልኝ ሲል እጁ መቆለፊያው ላይ ቀረና «ይቅር በይኝ ልጄ» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው በአጠገቡ አልፌ ገባሁ።

በዓመቱ የፋርማሲ ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቶ ነበር። ዐማራት አንድ ካፌ አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ስለ ወንዝም ስለ ተራራም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያችው ክፍል አረፈ።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ሂክማ ጨርሳለች። የወላጅ ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት ሠራተኛ» ብላ በግልጽ ጽፋለች። እስካሁን መልስ አልመጣላትም። ይመጣል ብዬም ላጽናናት አልደፈርኩም።

ዛሬ እኔ አባቴን በዕድሜ አልፌዋለሁ። ዩኒቨርሲቲው ከልቤ ከወጣ ቆይቷል። ያ ሰው የነበረችውን አንዲት ክብር በሰው ፊት ለእኔ ሲል ጥሎ ሲመለስ፣ አንዲት ቃል ነፍጌው መግባቴ ግን አልወጣልኝም።