የረይሀና ደብተር

ሙሄ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጊዮርጊስ በታች የጽሕፈት መኪና ሲጠግን ኖሮ፣ ሥራው ሲሞትበት ያለ አስተማሪ ኮምፒውተር ተማረ። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያም ከጠፈር ወርደው ጣራውንም ሰውንም ሰንጥቀው የሚያልፉትን ጥቃቅን ቅንጣቶች የሚቆጥር መሣሪያ በገዛ እጁ ሠራ።

አየር ሲከብድ እነዚህ ቅንጣቶች ይቀንሳሉ። ሙሄ ይህን በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ለክቶ፣ በጥር በሚደረገው የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆሞ ማንበብ ፈለገ። የአየሩን ግፊት ከግድግዳው መለኪያ እያየች የምትጽፍለት ሚስቱ ረይሀና ነበረች። በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥታ ትመጣ ነበር።

ውጤቱ ግን ተገለበጠ። አየሩ ሲከብድ ቅንጣቱ በዛ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ጠረጠረ። ሥራው እንዲፈጥን ኮር ለሚባሉት ለኮምፒውተሩ ስምንት አንጎሎች አከፋፍሎት ነበር፤ ስምንቱም ድምራቸውን የሚጽፉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ሲደርሱ አንዱ የሌላውን ይደመስሳል። ለየራሳቸው እንዲደምሩ አድርጎ መጨረሻ ላይ ብቻ አገናኛቸው። ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ በሰባ ደቂቃ አለቀ። የተገለበጠው ውጤት ያው ነው፤ ቶሎ መጣ እንጂ።

ያኔ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«መለኪያውን ሳታዪ ነው የጻፍሽው። ቁጭ ብለሽ ፈጠርሽው!»

ረይሀና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ሁለተኛ አልነካችውም። ሙሄም ስሙን ከጉባኤው አስወጣ። ጥር አለፈ።

በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ማኪያቶ ሲጠጡ፣ ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት ለክፍሎም አሳየው። ክፍሎም ከአየር ትንበያ ሥራ በጡረታ የወጣ ወዳጁ ነው።

«አንተ ሙሄ፣ ይኼ የየት አገር አየር ነው?» ክፍሎም ሳቀ። «የአዲሳባ አየር የሚከብደው ጧት አራት ሰዓት ነው። አንተ ጋ ዶሮ ሳይጮኽ ከብዷል!»

«ደብተሩ አራት ነዋ የሚለው።»

«የማን አራት? ኮምፒውተርህ አራት ሲል እኛ እኮ ተኝተናል።»

ሙሄ ወረቀቱን መልሶ ሳበው። ረይሀና የጻፈችው በቤቱ ሰዓት ነው፤ መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ። ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ደግሞ ራሱ ሙሄ ነበር፤ ቁጥሩን እንዳለ፣ ስድስት ሰዓት ሳይጨምር።

ቤቱ ገብቶ ስድስቱን ጨመረ። ግፊቱ ሲወጣ የቅንጣቱ መስመር እንደሚገባው ወረደ።

«ረይሀና፣ ልክ ነበርሽ» አላት።

ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እኔን ለማመን ስምንት አንጎል አስፈለገህ? እሱም አልበቃ ብሎህ ክፍሎምን!»

«ለሚመጣው ጥር አቀርበዋለሁ። ስምሽን ከስሜ ጎን እጽፋለሁ።»

«እንዳትሞክረው! ፈጣሪዋ ነሽ ተብያለሁ፤ ፈጣሪ ደግሞ አይፈርምም።»

ማኅበሩ ልኬቱን የወሰደው ሰው ስም ያልሰፈረበትን ጽሑፍ አይቀበልም። ሙሄ ቅጹን ሲሞላ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን ገታ። በእሷ ፈንታ የራሱን ስም ሊጽፍ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አለ፤ እጁ እምቢ አለው። ቅጹ ጥርን ቤቱ ውስጥ አሳለፈ።