የአድማሴ ውፍረት

አድማሴ ልብስ ሰፊው በቁስቋም ሰፈር የሚታወቀው በሸጋ ስፌቱና በክሳቱ ነበር። ስፌቱን ያሰፋ ደንበኛ ብቻ ያነሳዋል፤ ክሳቱን ግን ያላነሳ ሰው አልነበረም። የካቲት ላይ ነፋሱ በርትቶ ፒያሳ ካለችው የስፌት በረንዳው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ «አያ አድማሴ፣ ምነው የስፌት ማኪናህን ተሸክመህ ብትመጣ? ባዶህን ነፋሱ ይወስድሃል!» እንለው ነበር። እሱ ይስቃል። አንገቱ ላይ ያንጠለጠላትን ሜትር አስተካክሎ መንገዱን ይቀጥላል።

የማትስቀው ሚስቱ እታገኘሁ ናት። በእኛ አገር ባል ሲከሳ ባልየውን የሚጠይቅ የለም፤ የሚታማው የሚስቲቱ ድስት ነው። በተለይ ኮሶዬ የምትኖረው የአድማሴ እህት ውቢት፣ በየዓመቱ ለኅዳር ቁስቋም በመጣች ቁጥር የወንድሟን ክንድ በሁለት ጣቷ ትለካና፣ «እናንተ ቤት እሳት የሚነደው ለመሞቅ ነው መሰለኝ» ትላለች። እታገኘሁ በማግስቱ ወጡ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ትጨምራለች። አድማሴም ጠርጎ ይበላል። የበላው የት እንደሚገባ እሱም አያውቅ፣ እሷም አታውቅ።

በ1973 ዓ.ም. መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ ታዲያ ያልታሰበ ነገር መጣ። አንድ ጠዋት እታገኘሁ ቁርስ ስታቀርብ የባሏ ጉንጭ ሞልቶ፣ ዓይኑ ጠቦ አየች።

«እስቲ ወደ ብርሃን ዙር» አለችው። ዞረ። «አድማሴ! ወፍረሃል!»

አድማሴ መስተዋት ፊት ቆሞ ጉንጩን ነካ ነካ አደረገ። እውነት ነው። በሳምንቱ የሱሪውን ወገብ ፈትቶ ሁለት ሳንቲ ሜትር አሰፋ። በሁለተኛው ሳምንት አራት። በወሩ ከኋላ በኩል ቁራጭ ጨርቅ ቀጠለበት። «ሠላሳ ዓመት የሰው ሱሪ ሳሰፋ ኖሬ የራሴን ለማስፋት ዛሬ በቃሁ» እያለ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያወራል። እታገኘሁ ዓይን እንዳያርፍበት ፈርታ በጋቢ ጠቅልላ ነበር ከቤት የምታስወጣው። ጋቢው ደግሞ የባሰ አወፈረው።

ኅዳር ስድስት ውቢት ከኮሶዬ መጣች። እንደ ልማዷ እጇን ወደ ወንድሟ ክንድ ሰደደች፤ ሁለቱ ጣቶቿ አልገናኝ አሉ። ጣቶቿን ሰብስባ ተቀመጠችና የቀረበላትን በላች። እታገኘሁ «ከሠርጌ ወዲህ እንደዚያ ያለ በዓል አላየሁም» ትል ነበር።

አድማሴ ግን ልብስ ሰፊ ነውና አንድ ነገር አላምር አለው። ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ማታ አልገባ ይላል። ሜትሩን አውጥቶ ቁርጭምጭሚቱን ለካ፤ ጠዋት ሃያ አራት፣ ማታ ሠላሳ። ፊቱ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጠዋት ያበጠው ማታ ይጎድላል።

«ይህ ውፍረት ቦታ ይቀያይራል፤ ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲነጋ ከላይ ይገኛል» አላት ለሚስቱ።

«ይውጣም ይውረድም» አለች እታገኘሁ፤ «ካንተ አይውጣ እንጂ።»

ያን ጊዜ ስኳርም ዘይትም የሚገኘው ተሰልፎ ከቀበሌ ሱቅ ነው። ሰው ሁሉ ከስቶ አንዱ ብቻ ሲወፍር ማስጠርጠሩ አይቀርም። በአንድ የእሑድ ስብሰባ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ የሻው ተነሱ። ጓድ የሻው ንግግር የሚወዱ፣ ንግግርም የሚወዳቸው ሰው ነበሩ።

«ጓዶች! ሰፊው ሕዝብ እየጠበበ ልብስ ሰፊው ብቻውን ሲሰፋ ዝም ብለን አናይም! ጓድ አድማሴ ይህ ውፍረት ከየት እንደመጣ ተናግሮ ሂሱን ይዋጥ!»

አድማሴ ጋቢውን ሰብስቦ ብድግ አለ። ላብ አጥምቆታል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የማንንም ስኳር አልበላሁም። ሜትሬ ምስክሬ ነው። ጠዋት ፊቴ ይሰፋል፣ ማታ እግሬ ይሰፋል። ስኳር የበላ ሰው እንዲህ ይሆናል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቀችው ታየች የምትባል ነርስ ብቻ ናት፤ የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ከኋላ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። መጥታ ፊቱ በርከክ አለችና ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስባ ቅልጥሙን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፤ ሊጥ ላይ እንደቀረ ጣት።

«ጓዶች፣ ይህ ስብ አይደለም። ውኃ ነው» አለች። «ነገ ሐኪም ይየው።»

ሳቁ ቆመ። ጓድ የሻውም «ውኃው ከየት እንደመጣ ይጣራ» ብለው ተቀመጡ። እታገኘሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። የእጇ ሙያ ያለችው ሁሉ ውኃ ነው ተብላለቻ!

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ሆስፒታል ሲሄዱ ያያቸው ዶክተር ዋኘው የሚባል ቀጭን ወጣት ነበር። አድማሴ የጠዋቱንና የማታውን ልክ በወረቀት ጽፎ አቀረበለት። ዶክተሩ አንብቦ በጣም ደስ አለው። «አባባ፣ ተማሪዎቼ እንኳ እንዲህ አድርገው ጽፈውልኝ አያውቁም» አለ። ከዚያ የአድማሴን ሽንት በመስታወት ቱቦ አድርጎ በእሳት አሞቀው። ጥርት ያለው ሽንት ነጣ፣ ረጋ፤ የተቀቀለ እንቁላል ነጩን መሰለ።

እታገኘሁ ጎንበስ ብላ አየች። «ዶክተር፣ የማበላው እንቁላል ነው እንዴ በዚህ የሚወጣው?»

ዶክተሩ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «እንቁላሉ ራሱ አይደለም፤ ግን ብዙም አልተሳሳቱም። ኩላሊት እንደ ወንፊት ነው፤ ቆሻሻውን ያወጣል፣ ጠቃሚውን ያስቀራል። የርሳቸው ወንፊት ቀዳዳው ሰፍቶ ሥጋ የሚሆነው ነገር በሽንት እየፈሰሰ ነው። እሱ ከደም ሲጎድል ውኃው ከደም ሥር ወጥቶ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። እርስዎ ይሞላሉ፣ ኩላሊቱ ያፈሳል።»

እታገኘሁ ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «እኔማ እሞላለሁ!» አለች።

ለወንፊቱ ፕሬድኒሶሎን፣ ለውኃው ላሲክስ የሚባል ኪኒን ተሰጠው፤ ላሲክሱ ጠዋት ጠዋት አንድ ብቻ። ትልቁ ትእዛዝ ግን ሌላ ነበር፦ ጨው የሚባል አይቅመስ።

ላሲክሱ ሥራውን አላጓደለም። አድማሴ ደንበኛ እየለካ «አንዴ ይቅርታ» ብሎ ይሮጣል፤ ተመልሶ ሲለካ ቁጥሩን ረስቶታል። በአሥር ቀን ሱሪው ያቺን የተቀጠለች ቁራጭ ጨርቅ ይዞ ከወገቡ ላይ ወረደ። ፊቱ ብቻ እንደ ጨረቃ ክብ ሆኖ ቀረ። እሱን መድኃኒቱ ነው ያመጣው ብሎ ዶክተሩ አስቀድሞ ነግሮት ነበርና፣ የማያውቅ ሰው «ወፈርክሳ!» ሲለው እንደ ስድብ ይደነግጣል።

ጨው የሌለው ወጥ ግን አልዋጥ አለው። በማኪናው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ፣ በጨርቅ ቁራጭ የቋጠራት ጨው ነበረችው። እታገኘሁ የላከችለትን ምሳ ከፍቶ ግራ ቀኙን አይቶ ይነሰንስበታል። ማታ ቁርጭምጭሚቱን ይለካል፤ ሃያ ሰባት። በማግስቱ አንድ ላሲክስ ይጨምራል፤ ሃያ አራት። ሒሳቡ ልክ መጣ ብሎ ተደሰተ። ጨው ሲጨምር ኪኒን እየጨመረ ታኅሣሥን ጨረሰ፤ ጥር ሲገባ በቀን ሦስት ደርሶ ነበር።

ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው፣ አገሩ ሁሉ ልብሱን ሊቀበል በረንዳው ላይ ተኮልኩሎ ሳለ፣ አድማሴ ፔዳሉን ቢረግጥ እግሩ እንቢ አለው። ደግሞ ቢሞክር ባቱ ተኮማትሮ አስጮኸው። ልቡም አንዴ እየዘለለ አንዴ እየዘገየ ይመታል። ሊቆም ሞክሮ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አያ አድማሴ፣ ምን ነካህ?»

«እኔንጃ። እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ።»

በጋሪ ጭነው ሆስፒታል አደረሱት። ዶክተር ዋኘው ጉልበቱን በትንሿ መዶሻ ቢመታው እግሩ ንቅንቅ አላለም። ደሙ ተመርምሮ መጣ።

«አባባ፣ በደምዎ ውስጥ ጨው አንሷል።»

አድማሴ ከትራሱ ላይ ራሱን አነሳ። «ጨው ተው ብለኸኝ?»

«ጨው ሁለት ዓይነት ነው። ወጥ ውስጥ የሚገባው ውኃ ያጠራቅማል፤ እሱን ነው የከለከልኩዎት። ሌላው ፖታሲየም ይባላል፤ ሙዝና ብርቱካን ውስጥ ይገኛል፤ ጡንቻንና ልብን የሚያሠራው እሱ ነው። ላሲክስ ሁለቱንም ጠርጎ ያወጣል። በቀን በአንድ ኪኒን ግን እንዲህ አይወርድም ነበር። ስንት ነው የሚወስዱት?»

አድማሴ ጣሪያውን አየ። ሚስቱን አየ። ሦስቱን ኪኒን ተናዘዘ፤ መሳቢያዋንም፣ የተቋጠረችውንም ጨው ተናዘዘ።

«እንዲህ ያለው ድካም ልብ ያቆማል» አለ ዶክተሩ፤ አሁን ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። «በግማሽ ቀን ነው የቀደምነው።»

እታገኘሁ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እንባዋን ጠርጋ ስትጨርስ ግን ያንገበገባት ሌላ ሆኖ ተገኘ። «በኔ ወጥ ላይ? በሰው ፊት ነሰነስክበት?»

ፖታሲየም ያለበት የሚመር ሽሮፕ በቀን ሦስቴ አስዋጡት። እታገኘሁ ከባሕር ዳር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሙዝ ሲወርድ ቆማ እየጠበቀች አንድ ዘለላ ሳታጎድል አበላችው። በሦስተኛው ቀን ልቡ ረጋ፤ በእግሩ ቆመ እንጂ ፔዳል የሚረግጥ ጉልበት ገና አልነበረውም። ጥምቀት ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሆስፒታል እንደወጣ ሁለቱ ማኪናው ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እሱ ጨርቁን በእጁ ይመራል፣ እሷ ፔዳሉን ትረግጣለች።

«ቀስ!» ይላል።

«አንተ ቀስ ብለህ ጨው እየነሰነስክ ነው እዚህ የደረስነው» ትላለች፤ ትረግጣለች።

የዚያ ዓመት የቁስቋም ሰው የጥምቀት ልብስ ስፌቱ ትንሽ ትንሽ ይጋልብ ነበር። የጓድ የሻው ኮት አንድ እጅጌ ከሌላው በጣት ያጥር ነበር፤ እሳቸው ግን ንግግር ሲያደርጉ እጃቸውን ስለሚያወዛውዙ ማንም ልብ አላለውም።

እታገኘሁም እልህ ይዟት ወጥ ያለ ጨው የሚጣፍጥበትን መንገድ ስትፈልግ ከረመች። ሎሚ አለች፣ ነጭ ሽንኩርት አበዛች፣ ጦስኝ ሞከረች። አድማሴ መሳቢያውን ባዶ አድርጎ አሳያት፤ እሷም በየሳምንቱ ትፈትሻለች። በዓመቱ ሽንቱ ቢሞቅ አልነጣም። ፕሬድኒሶሎኑ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ቆመ፤ ጨረቃው ፊት ጠፍቶ የድሮው አድማሴ ተመለሰ። ዶክተሩም ለ1974 ፋሲካ ወጡ ላይ ቁንጥር ጨው ፈቀደለት።

እታገኘሁ ዶሮውን በክብር ሠራችና፣ ጨውን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ እፊቱ ጨመረችው። አድማሴ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። አላመጠ። ፊቱ ተጨማደደ።

«ምነው?» አለችው።

«አይ... ሸጋ ነው» አለ። ሁለተኛ ጉርሻ ጎርሶ፣ «ጨው በዛበት መሰለኝ» አለ።

እታገኘሁ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ጨው የሌለበትን ድስት አመጣችለት።