የጎረቤቴ አንሶላ

በኛ ሥራ ሐሜት አያስፈልግም፤ ገመድ ራሱ ይናገራል። የተሳላሚ ማደሪያ ያለው ሰው አንሶላ የሚያጥበው እንግዳ ሲያድርበት ብቻ ነው። ሳሙና እንደሆነ አይቀመስም፣ ውሃው በወረፋ ነው፤ ማን ሞኝ ነው ያላደረበትን የሚያጥብ? የጎረቤትን ማስጫ ገመድ ማየት ገበያውን ማየት ነው።

መንገዱ በጦርነቱ ከተዘጋ ወዲህ የኔ ገመድ የወፍ ማረፊያ ሆኗል። ድሮ ለገና ኮሪደሩ ላይ ሁሉ ፍራሽ አንጥፈን አንችለውም ነበር። ዘንድሮ ቁጭ ብዬ ዝንብ እሽ እላለሁ። ከግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ግን፣ አብራኝ ያደገችው፣ በአንድ ሰሞን ከኔ ጋር የራሷን ማደሪያ የከፈተችው፣ ገና ሲቃረብ ገመዷ በነጭ አንሶላ ጢም አለ! ያውም በየቀኑ! ቆሽቴ ድብን አለ። "ባለ አንሶላዋ" ብዬ ስም አወጣሁላት።

"እንግዶቹን ከየት ነው የምታመጣቸው?" አልኩት ልጄን። "ወይስ የመናኸሪያውን ደላላ በጉርሻ ይዛው ነው?"

"እማዬ፣ ተያት እስቲ" ብሎኝ ወደ ግድግዳው ዞረ። ልጄ የተሳላሚዎች አስጎብኚ ነበር። አንድ ዓይኑ ስለማያይ ዘመቻውም አልፈለገው፤ አሁን ሥራው እንቅልፍ ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ካለ ማንኮራፋቱ ጣሪያ ይነቅላል፤ ሰፈሩ "ወፍጮው" ይለዋል። የሷ ልጅ ደግሞ ዘማች ነው፤ በዩኒፎርም የተነሳውን ፎቶ ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላዋለች። በሱም ቀንቻለሁ፣ ምን ልደብቃችሁ።

አንሶላዎቹን ላለማየት በሷ በኩል ያለውን መስኮት ዘጋሁት። ምን ዋጋ አለው፣ ባላየውም ያንገበግበኛል። በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ "ሳሙና አበድሪኝ" ብዬ ዘው አልኩባት። እንግዶቿን በዓይኔ አይቼ፣ ከቻልኩ አንዱን አባብዬ ልወስድ ነው። ለገና አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እኔ ቤት ቢያድር ምን ነበረበት?

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። የክፍሎቹ በር ሁሉ ክፍት ነው፤ አልጋው ሁሉ ተነጥፏል፣ ትራሶቹን ራስ አልነካቸውም። እሷ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብላ የአንሶላ ጠርዝ ፍራሽ ሥር ትሸጉጣለች።

"እንግዶችሽስ?" አልኳት።

"የምን እንግዳ? አንቺ ደግሞ!"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ አጠባ?"

ቀና ሳትል መለሰችልኝ። "ልጄ ሲሄድ፣ 'ለገና ጓደኞቼን ይዤ ነው የምመጣው፣ አልጋ እንዳይጎድልብን' ብሎኛል። የቱን ገና እንደሆነ አልነገረኝም። ካምና ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ። የዚህን ሰፈር አቧራ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ አንሶላው አንድ ቀን ካደረ ይሻክራል።"

ሳሙናውን ሰጥታኝ እስከ በር ሸኘችኝና እጄን ያዘችኝ።

"ቆይ፣ ምን አድርጌሽ ነው መስኮቱን የዘጋሽብኝ?"

"ብርዱ..." አልኩ።

"ክፈቺው በናትሽ። ልጅሽ ሲያንኮራፋ እዚህ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን የኔው የተኛ ይመስለኛል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ቀንቼብሻለሁ።"

ቤቴ ስገባ ልጄ ተዘርሮ ጣሪያ ይነቅላል። ሌላ ቀን ቢሆን በጫማ ነበር የምቀሰቅሰው። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩና አልጋውን ከነወፍጮው ወደዚያ ገፋሁት።